አለቃ ገብረ ሐናና የደብረ ታቦር አቋቋም

ተማሪዎች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል የአለቃ ገብረ ሐናን ስም ያልሰማ ያለ አይመስለንም። ማታ በእሳት ዳር፥ በየሰርጉና በየማኅበሩ ጨዋታ ሲደራ ስማቸው ይነሣል፤ መኳንንቱን ያሳቁበት፥ አንዳንድ ጊዜም ያስቆጡበት ቀልድ ይወራል። ከሚወራውም ውስጥ ሌሎች ሰዎች ፈጥረው በስማቸው የጠሩት ብዙ ነው። ቀልዱ እየበዛ በሄደ ቍጥር ግን ባለ ቀልዱ ራሳቸው እየተረሱ ሄዱ። አለቃ ገብረ ሐና የታወቁ መምህር ነበሩ፤ ለአገራቸው ትተውት ያለፉት ትልቁ ቅርስም በአፍ ብቻ ሳይሆን በእግር፥ በእጅና በመላው አካል የሚጠና ትምህርት ነው። ስለዚህ በዚህ ምንባብ ቀልዶቻቸውን ወደ ጎን ትተን የመምህሩን ሕይወት እንመለከታለን።

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. በቀድሞው በጌምድር፥ በዛሬው ደቡብ ጎንደር፥ በፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለ ቦታ ተወለዱ። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ይህን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ክረምት በገባ ጊዜም ሞልተው መሬቱን ያጥለቀልቁታል። ዛሬ ፎገራ የሚታወቀው በሩዝ ምርቱ ነው፤ በዚያን ዘመን ግን ሩዝ አይታወቅም ነበርና የአገሩ ሀብት ሣሩና የቀንድ ከብቱ ነበር። ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ ደብረ ታቦርን ያገኛል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ጋይንት ይደርሳል። በጋይንት የሚገኙት ቤተ ልሔምና ዙር አባ፥ የመጀመሪያው የድጓ፥ ሁለተኛው የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆን ከየአገሩ ተማሪ ሲቀበሉ የኖሩ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። እንግዲህ ሕፃኑ የተወለዱት ትምህርት ባዳ ባልሆነበት አገር ነበር ማለት ነው።

ዘመኑ ግን ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ቤተ መንግሥት የተቀመጠው ንጉሥ ከስሙ በቀር ሥልጣን አልነበረውም፤ የጦሩ ኃይል የነበረው ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉት በየጁ መሳፍንት እጅ ነበር። መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የገበሬው እህል ይዘረፋል፥ ከብቱም ይነዳል። እንዲህ ባለው ጊዜ ልጅን ወደ ትምህርት መላክ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ከብት የሚጠብቅ፥ እርሻ የሚያግዝ እጅ ከቤት ይጎድላልና።

ገብረ ሐና ትምህርት የጀመሩት በዚያው በተወለዱበት ደብር ነው። ለመሆኑ የዚያን ዘመን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ምን ይመስል ነበር? ትምህርት ቤት ሲባል አግዳሚ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ያለበት ክፍል አይታሰባችሁ። የመማሪያው ስፍራ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወይም የየኔታ ደጅ፥ መቀመጫው ድንጋይ፥ ጣሪያውም የዛፍ ጥላ ነበር። ጀማሪው ልጅ ፊደል የተጻፈበትን ብራና በግራ እጁ ይይዛል፤ በቀኝ እጁ በያዘው ስንጥር እያንዳንዱን ፊደል እየነካ፥ ሰውነቱን እያወዛወዘ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ በዜማ ይጠራል። ዓይኑ ያያል፤ እጁ ይነካል፤ አፉ ይናገራል፤ ጆሮው ይሰማል፤ ወገቡም ምቱን ይጠብቃል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከግእዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ሰባት ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ። ይህን ያህል ቅርጽ አንድ ሕፃን በዝምታ ተቀምጦ ይያዝ ቢባል ምን ያህል በከበደው!

ይሁን እንጂ ዜማ ብቻውን ሊያታልል ይችላል። ልጁ የፊደሉን መልክ ሳይለይ ዜማውን ብቻ ሸምድዶ ሊቀር ይችላልና። የጥንት መምህራን ይህን ስለ ተረዱ ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን አስቀመጡ። አቡጊዳ ፊደሉን ከለመደው ተራ አውጥቶ፥ ድምፁንም አዘዋውሮ ስለሚያቀርብ፥ ያወቀውንና የሸመደደውን ልጅ ይለያል። ከዚያ የዮሐንስ መልእክት በየንባብ ዓይነቱ ይከተላል፤ የንባብ ቤት መደምደሚያው ዳዊት ነው። ቀድሞ የገባው ልጅ ኋላ የመጣውን ያስጠናል፤ ስለዚህ መምህሩ አንድ ቢሆኑም አስጠኚው ብዙ ነበር። ከጥናት መልስ ልጆቹ ውኃ ይቀዳሉ፥ እንጨት ይለቅማሉ፤ በገና ዕለት ጥንግ ይጫወታሉ፤ ከከተማዋ ጋር አንድ ስም ያለው የደብረ ታቦር በዓል በነሐሴ 13 ሲደርስም ጅራፍ ያጮሃሉ። ልጅነትና ትምህርት አልተለያዩም ነበር።

ነገር ግን ይህ ትምህርት ቤት ሌላም ገጽታ ነበረው። ያላጠና በአርጩሜ ይገረፋል፤ የኮበለለ ደግሞ እግሩ ከግንድ ጋር ታስሮ እንዲማር የሚደረግበት ጊዜ ነበር። አንዱ ትምህርት ቤት የልጁን አካል በአንድ በኩል የመማሪያ መሣሪያ እያደረገ፥ በሌላ በኩል እንደ ባላጋራ ይቀጣው ነበር። ይህን ነጥብ ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ገብረ ሐና ንባብ ከጨረሱ በኋላ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ሄዱና ቅኔ ተማሩ። የቅኔ ተማሪ ኑሮ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበር ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ተማሪው ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ከየመንደሩ ውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል፤ የለመነውን በልቶ፥ ሌሊት በቆጠራት ቅኔ ነግቶ ከመምህሩ ፊት ይቆማል። ቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ፍቺ እንዲሸከም የሚደረግበት፥ ከሰሙ ሥር ወርቁ የሚፈለግበት ቤት ነው። አለቃ በኋላ ዘመን በቃላት ሰውን ያስደነቁበት ችሎታ የተሳለው በዚህ ትምህርት ነው። ከቅኔ ቤት በኋላ የሊቃውንት መናኸሪያ ወደ ነበረችው ወደ ጎንደር አቀኑ፤ በዚያም ዜማና አቋቋም ተማሩ፤ ከመጻሕፍትም በተለይ በመጽሐፈ መነኮሳትና በፍትሐ ነገሥት የታወቁ ሊቅ ሆኑ።

አቋቋም ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ የደረሰው ዜማ፥ ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል። ይህ ዜማ በአፍ ብቻ የሚባል አይደለም፤ ካህናቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው፥ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፥ በከበሮ ታጅበው በአካላቸው ጭምር ያከናውኑታል። በመቋሚያ ሰውነትን እያዘነበሉ የሚዜመው ዝማሜ ይባላል፤ ከበሮና ጸናጽል ተባብረው የሚመቱበት መረግድ ነው፤ በጭብጨባ የሚከናወነው ደግሞ ጽፋት ነው። የትኛው ቃል ላይ እግር እንደሚነሣ፥ የትኛው ላይ መቋሚያ እንደሚዘነበል፥ ከበሮው የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ ሁሉ ሥርዓት አለው። ይህንም ሥርዓት ለመያዝ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ዘማሪው የቃሉን ቦታ ቢዘነጋ እንኳ እግሩ ያስታውሰዋል፤ እግሩ ቢስት ጓደኛው ያርመዋል።

ገብረ ሐና ገና በወጣትነታቸው በጎንደር በባዕታ ማርያም መምህር ሆኑ። ባዕታ የአቋቋም ትምህርት ዋና ቤት ስለ ነበረች በዚያ ወንበር መቀመጥ ትልቅ ክብር ነበር። በፍትሐ ነገሥት ዕውቀታቸው ለፍርድ ነገር የሚጠየቁ፥ በአንደበታቸው የሚፈሩ ሊቅ ሆኑ። ነገር ግን ያ አንደበት ጠላትም ያፈራባቸው ነበር። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር እንዳልተስማሙና ከጎንደር ርቀው መቆየት ግድ እንደ ሆነባቸው ይነገራል።

ይህ መራቅ ግን ፍሬ አላጣም። በትውፊት እንደሚተረከው፥ አለቃ በጣና ደሴቶች ካሉት ገዳማት ወደ አንዱ ወደ ሬማ መድኃኔ ዓለም ገብተው ተቀመጡ። የተወለዱት በሐይቁ ዳርቻ ቢሆንም የሐይቁን ጠባይ እንደ መምህር የተመለከቱት አሁን ነበር። ማዕበሉ ከሩቅ ተነሥቶ፥ አብጦ፥ ወደ ዳር ይመጣል፤ ከድንጋዩ ጋር ሲገናኝ ይለዝብና ይመለሳል። በዳሩ የበቀለው ቀርቀሃ በነፋስ ሲገፋ ይዘነበላል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ግን ሳይሰበር ቀና ይላል። አለቃም ከዚህ እንቅስቃሴ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። የያሬድን ቃል አልቀየሩም፤ የለወጡት የሰውነቱን አካሄድ ነው። ዘማሪው እንደ ማዕበሉ ከወገቡ ጀምሮ እንዲዘነበል፥ እንደ ቀርቀሃውም መልሶ ቀና እንዲል፥ መቋሚያውም ይህንኑ እንዲከተል አደረጉ።

ይህን አዲስ ስልት ይዘው ሲቀርቡ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። በዚህ ጊዜ እኛ ፈጥነን በሊቃውንቱ ላይ መፍረድ አይገባንም። በዚያን ዘመን ድምፅና እንቅስቃሴ የሚቀረጽበት መሣሪያ አልነበረም። አንድ ስልት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በሰው አካልና በሰው ትዝታ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ መምህር የመሰለውን ቢጨምርና ቢቀንስ፥ ከብዙ ትውልድ የተወረሰው ሥርዓት በሁለት ሦስት ትውልድ ውስጥ ሊጠፋ ይችል ነበር። ሊቃውንቱ እምቢ ያሉት የተረከቡትን አደራ ለመጠበቅ ነው። አለቃ ደግሞ በበኩላቸው ያገኙት ነገር ለሥርዓቱ ሕይወት የሚጨምር እንጂ የሚያፈርሰው እንዳልሆነ ያምኑ ነበር። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት ነበረው፤ ክርክሩን ከባድ ያደረገውም ይህ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና ግን ስልታቸውን ይዘው አልሞቱም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ወላጅ ለልጁ መሬት ያወርሳል፥ ከብት ያወርሳል፤ እሳቸው ያወረሱት አገር ያልተቀበለውን ትምህርት ነበር። ልጁም ውርሱን አልናቀውም፤ እየደጋገመ አጠናው፥ አካሉ እስኪለምደው ድረስ ተለማመደው። ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ይዞት ሄደ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቷን ባቃጠሉ ጊዜ የጎንደር ጉባኤ ቤቶች ክፉኛ ተጎድተው ነበር። ደብረ ታቦር ግን ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም የተቀመጡባት፥ ካህናትና ተማሪ የሚሰበሰቡባት ከተማ ነበረች። በጎንደር በር የተዘጋበት ስልት በደብረ ታቦር ተቀባይ አገኘ። ተክሌ አስተማረው፤ ተማሪዎቹም ወደ የአገራቸው ሲመለሱ ይዘውት ሄዱ። ደብረ ታቦርም የዚህ አቋቋም ዋና ማስመስከሪያ ሆነች። ስልቱ ዛሬ የተክሌ አቋቋም ይባላል፤ ከጎንደሩ አቋቋም ጋር ጎን ለጎን በብዙ አድባራት ይሠራበታል። አለመጥፋት ብቻ ሳይሆን፥ አዲሱ ነባሩን ሳያጠፋ ሁለቱም አብረው ኖሩ።

አለቃ ገብረ ሐና ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት የታወቁ ሰው ነበሩ። ከቀልዶቻቸው ብዙዎቹ ከዚህ ዘመን ጋር ተያይዘው የሚነገሩ ናቸው፤ በየጨዋታው ስማቸው የሚነሣው ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም ከእሳቸው ጋር አብረው በሕዝብ አፍ ቀሩ። አለቃ በ1898 ዓ.ም. በተወለዱ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። እንግዲህ እሳቸው ያረፉት አገራችን ከየኔታ ደጅ ወደ ዘመናዊው የመማሪያ ክፍል መሻገር በምትጀምርበት ዋዜማ ነበር።

ተማሪዎች፥ የዚህን ሰው ሕይወት በሰዋስውና በድርሰት መጽሐፍ ውስጥ ለምን እንዳስገባነው ትጠይቁ ይሆናል። ከላይ ልብ በሉት ወዳልነው ነጥብ እንመለስ። የጥንቱ ትምህርት ቤት የልጁን አካል በአንድ በኩል ያስተምረው፥ በሌላ በኩል ይቀጣው እንደ ነበር አይተናል። ወደ ዘመናዊው ክፍል ስንሻገር አርጩሜው ቀስ በቀስ እየተነቀፈ መጣ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከአርጩሜው ጋር ብዙ ጊዜ ውዝዋዜውም፥ ዜማውም፥ ጭብጨባውም አብሮ ቀረ። የሰባት ዓመት ልጅ በጠባብ አግዳሚ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ጥሩ ተማሪ የሚባለው ሳይንቀሳቀስ የዋለ እንደ ሆነ ነው። እንቅስቃሴ ለዕረፍት ሰዓትና ለሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተተወ። ልጁም መማር ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ፥ መንቀሳቀስ ማለት ደግሞ ትምህርትን ማቋረጥ እንደ ሆነ ይማራል።

የአለቃ ገብረ ሐና ሥራ የሚያስተምረን ከዚህ የተለየውን ነው። ለአቋቋም ተማሪ እንቅስቃሴ ከትምህርት ማረፊያ አይደለም፤ ራሱ ትምህርቱ ነው። ይህ አሳብ በአገራችን ብቻ የተወሰነ አልነበረም። አለቃ ገና ወጣት ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ፍሪድሪኽ ፍሮቤል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ሕፃናት በጨዋታ፥ በዘፈንና በእጅ ሥራ የሚማሩበትን ቤት አቋቁሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1840 የሕፃናት የአትክልት ቦታ የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። ዛሬ በየአገሩ መዋዕለ ሕፃናት የምንለው ከዚያ የመነጨ ነው። ፍሮቤልና የእኛ ሊቃውንት አይተዋወቁም፤ ነገር ግን ልጅ በመላው አካሉ እንደሚማር ሁሉም በየበኩላቸው አስተውለውት ነበር።

እንግዲህ ትምህርት የጀመረ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ይህን ሞክሩት። ፊደሉን በደጃችሁ አፈር ላይ በእንጨት ጽፉለት፤ የጠራችሁለትን ፊደል እየዘለለ ይርገጠው። ቃሉን በየድምፁ ከፍሎ እያጨበጨበ ይጥራ። መደመርና መቀነስን በጠጠር ወይም በቆሎ ፍሬ እያነሣና እያስቀመጠ ይማር። ሲለምደው ደግሞ እንደ አቡጊዳው ተራውን አዘዋውራችሁ ጠይቁት፤ ማወቁንና መሸምደዱን በዚያ ትለያላችሁ። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ሕንፃም አያስፈልግም። ከእናንተም መካከል ነገ መምህራን የሚሆኑ አሉ፤ ሰባ ሕፃናት በአንድ ክፍል ሲያፈጥጡባቸው የቀርቀሃውን መዘንበልና መቃናት ያስታውሱ።

በመጨረሻም አንድ ነገር አስተውሉ። አለቃ ገብረ ሐና ያወጡት ስልት በስማቸው አይጠራም፤ የሚጠራው ባስተማሩት በልጃቸው ስም ነው። ደብረ ታቦር ላይ በበዓል ቀን መቋሚያዎች በአንድነት ሲዘነበሉና ቀና ሲሉ የሚያይ ሰው የሚሰማው የተክሌን ስም ነው። የአባትየው ስም ከቀልድ ጋር ቀረ፤ ትምህርቱ ግን በተማሪው ስም መኖሩን ቀጠለ። ከመምህር ሥራ ብዙው እንዲህ ነው። ከእንግዲህ ወዲያ በጨዋታ መካከል ስማቸው ሲነሣ ሳቁ፤ ከሳቃችሁ በኋላ ግን መምህር እንደ ነበሩ ላላወቀው ንገሩት።

መልመጃ

1. አቡጊዳ ከሀሁ ቀጥሎ የሚሰጠው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።
2. የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ያልተቀበሉበትንና አለቃ ገብረ ሐና የጸኑበትን ምክንያት በሁለት አንቀጽ አወዳድሩ።
3. አኩፋዳ፥ ዝማሜ፥ ጽፋት፥ ማስመስከሪያ የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አግቡ።
4. በምንባቡ ውስጥ የአክብሮት ግሥ የገባባቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ ግሦቹን ወደ ተራ ነጠላ ለውጡ።
5. በቀበሌያችሁ ለረዥም ጊዜ ያስተማሩ፥ አሁን በሕይወት የሌሉ አንድ መምህርን ታሪክ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ፥ የማንንም ንግግር በቀጥታ ሳትጠቅሱ በሁለት ገጽ ጻፉ።